412 ጨዋታ

አሌክሴይ ባርካሎቭ የሚባል ሰው ሰሞኑን ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። በ1946 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ዩክሬን ውስጥ ካርኪቭ አካባቢ የተወለደ የዋተር ፖሎ (ገንዳ ውስጥ እየዋኙ ኳስ ወርውሮ ግብ የማግባት ጨዋታ) ተጫዋች ነው። ከ1965 እስከ 1980 ለሶቪየት ብሔራዊ ቡድን 412 ጊዜ ተሰልፏል፤ ቁጥሩ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ባካፍለው በዓመት ከ25 በላይ ይደርሳል።

ያውም እግር መሬት በማይነካበት ጨዋታ! ግርጌውን መርገጥ፣ ጠርዝ ይዞ ትንፋሽ መሰብሰብ ብሎ ነገር የለም። ተጫዋቹ ጉልበቱን አጥፎ እግሮቹን በየተራ እያሽከረከረ ነው ደረቱን ከውኃ በላይ የሚያወጣው። ከግብ ጠባቂው በቀር ኳሷን በሁለት እጁ የሚይዝ የለም። ከታች ደግሞ ዳኛው የማያየው ጉተታና እርግጫ አለ። ውኃው ከወገቤ ካለፈ ጠርዝ ጠርዙን የምል ሰው ነኝና ይኼ ሁሉ ይገርመኛል።

በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ብር አገኘ። በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ የመጨረሻውን ጨዋታ ከሃንጋሪ ጋር 3 ለ 3 ወጥተው በግብ ልዩነት ወርቁን ወሰዱ። በ1975 ኮሎምቢያ፣ ካሊ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በዓመቱ ለኦሎምፒክ ሞንትሪያል ሄደው 8ኛ!

1976ን እኛም አንወደውም። ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ የተጫወተችው ኒውዚላንድ ሳትታገድ ስለቀረች ብዙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ትተው ወጡ፤ ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ ቀረ። እስከዛሬ «ሮጦ ቢሆን ኖሮ» እንላለን። ላልሮጠ ሰው ይህቺ ቃል ትቀርለታለች። ባርካሎቭ ግን ገንዳው ውስጥ ነበር፤ እሱ ምን ይበል? 30 ዓመት ሞልቶታል፣ ወርቁም የዓለም ዋንጫውም በእጁ ነው፤ በቃኝ ቢል ማን ይወቅሰዋል? እኔ ብሆን እል ነበር።

እሱ አላለም። በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ፣ በ34 ዓመቱ፣ ዩጎዝላቪያን 8 ለ 7 ረትተው ሁለተኛ ወርቁን አጠለቀ። ምሩጽም በዚያው ሰሞን በዚያችው ከተማ 5,000ውንም 10,000ውንም ጠራርጎ ወሰደ።

አሜሪካና ሌሎች አገሮች ሞስኮ አንሄድም ብለው የቀሩበት ቦይኮት ነው ያገዛቸው የሚል አይጠፋም። በዋተር ፖሎው አሜሪካ መቅረቷ እውነት ነው፤ ግን የሞንትሪያሉ ሻምፒዮን ሃንጋሪ እዚያው ተገኝቶ ነሐስ ነው ያገኘው። ስለዚህ ስለ ባርካሎቭ ቁጭ ብዬ እከራከራለሁ። «ምሩጽን የሚያሸንፍ ሯጭ ቀርቶ ነው» ሲሉኝ ግን ክርክሩንም አልጀምረውም። ወገንተኛ ነህ ካላችሁኝ፣ አዎ ነኝ።