አውራ ጣቱ
ዛሬ ፊላደልፊያ ውስጥ በነርስነት በምሠራበት ክፍል፣ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ አራት ቀን የሆነውን የአንድ ወጣት ቁስል አጥቤ ፋሻውን ስቀይር፣ «እባክሽ፣ አውራ ጣቴን እከኪልኝ» አለኝ። አውራ ጣቱ የለም። እጄን ጉልበቱ ላይ አሳርፌ ዝም አልሁ።

ኬንሲንግተን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር በሚሸጠው፣ ፌንታኒል በተባለው ኃይለኛ አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ ለዓመታት ዛይላዚን ሲቀላቀል ቆይቷል። ዛይላዚን ፈረስና ከብት የሚደነዝዝበት፣ ለሰው ፈጽሞ ያልተፈቀደ የእንስሳት መድኃኒት ነው። የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቆዳው ደም አጥቶ ይሞታል ተብሎ ይታመናል፤ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን ቁስሉ መርፌ ባልገባበት ቦታም መውጣቱ ነው። ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ ይሰፋል፣ አንዳንዴም እስከ ጅማትና አጥንት ይዘልቃል። ዋይት ሐውስ ይህን ድብልቅ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 አዲስ ብቅ ያለ ስጋት ብሎ ፈርጆታል።

ይህ ልጅ ቁስሉን ለወራት በሱሪው ሸፍኖ የኖረው ለአካሉ ግድ ስለሌለው አይደለም። ቀደም ሲል ወደ አንድ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ፣ የሱሱን ሕመም የሚያስታግስ ነገር ሳይሰጡት ለሰዓታት ስላስቀመጡት፣ ላብ እያጠመቀውና እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ ሄዷል። ስለዚህ እግሩን ያሳጣው መርፌው ብቻ ነው ሲባል ልቀበለው አልችልም። ቁስሉ በጊዜ ከታጠበ፣ እርጥበቱን ጠብቆ ከተሸፈነ፣ ታማሚውም ሳይዋረድ ከታከመ፣ ብዙው ያለ መቁረጥ ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፋሻውን ጨርሼ ልወጣ ስል፣ «ነገም የምትመጪው አንቺ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት።