«በሰመር ኑ» ብዬ ጻፍኩ

ሐምሌ አጋማሽ ነው። ባሕር ዳር ሌሊቱን ሙሉ በዝናብ ስትቀጠቀጥ አድራለች። ቢሯችን ከጣና ዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ናት። ቱሪስት በጀልባ ወደ ገዳማቱ እንልካለን፤ በዚህ ወቅት ግን የሚላክ ሰው እምብዛም የለም። ሻይዬን ይዤ የታሰሩት ጀልባዎች ሲወዛወዙ አያለሁ።

አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ባልና ሚስት ወረዱ፤ ስልሳዎቹን ያለፉ እንግሊዞች። እሱ ሰፊ የሣር ባርኔጣ አድርጓል። እሷ የፀሐይ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፣ ያጠለቀችው ክፍት ሰንደል ነው። ከቦርሳዋ ኪስ የፀሐይ ክሬም ብቅ ብሏል። ከባጃጁ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ሁለቱም በሰበሱ።

ሴትዮዋ ምንም ሳትል ስልኳን አወጣችና አሳየችኝ። የራሴ ኢሜይል ነው። «ዶንት ካም ኢን ዊንተር። ኢን ዊንተር ዘ ሬይን ኢዝ ሬይኒንግ ቱ መች። ካም ኢን ሰመር፣ ዘ ሰን ኢዝ ቬሪ ናይስ።»

«አዎ፣ ነግሬያችሁ ነበር እኮ» አልኳት። «አሁን ዊንተር ነው።»

ባልየው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ከዚያ ስልኩ ላይ ቀኑን አየ። «ጁላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚያናግር።

ከጥግ በኩል የሒሳብ ሠራተኛችን እትዬ ካልኩሌተራቸውን አስቀመጡ። ድሮ ገጠር ያስተምሩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዲግሪዬን የያዝኩት በምንድን ነው?»

«በሰመር።»

«ሰመር መቼ ነው?»

ዝም አልኩ። መምህራን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሰመር የሚባሉት እነዚያው የጭቃ ወራት ናቸው። እትዬ ዲግሪያቸውን የያዙት ጃንጥላ ይዘው ነው። ቃሉን እኔም ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን የዩኒቨርሲቲው ሰመርና የኢሜይሌ ሰመር ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

ጥፋቱ ከልጅነት ይጀምራል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ዊንተር ማለት ክረምት፣ ሰመር ማለት በጋ» ተብሎ ተጻፈልን፣ ገለበጥን፣ በዚያው ቀረ። እነሱ ግን ዓመቱን የሚከፍሉት በብርድና በሙቀት ነው። እንግሊዝ አገር ዊንተር ከእኛ ታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ነው፤ ሰመር ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የምንከፍለው በዝናብ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። እነሱ ፀሐይ ፍለጋ ባሕር ዳርቻ የሚወጡበት ወር እኛ ጋ ጋቢ የሚደረብበት ነው። ክረምትን ዊንተር ማለት፣ እንግዲህ፣ እንግዳን ሐምሌ ላይ በሰንደል መጥራት ነው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህንኑ ኢሜይል ለሁለት ዓመት ያህል እየላክኩ ኖሬያለሁ። ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ማንም ምንም አላለም? የድሮዎቹን መልእክቶች ከፈትኩ። «ስለ ዊንተር የሰጠኸን ምክር በጣም ጠቀመን» ብሎ ያመሰገነኝ አንድ እንግዳ አገኘሁ። የሜልቦርን ሰው ነው። አውስትራሊያ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ዊንተራቸው ከጁን እስከ ኦገስት ነው፤ ከእኛ ክረምት ጋር ግጥም ይላል። በስህተቴ የተመሰገንኩት በጂኦግራፊ ዕድል ነው።

ወደ እንግዶቼ ልመለስ። ጀልባ ነጂያችንን ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ እንዴት ይሻላል?» «ጠዋት ከሆነ እንሄዳለን» አሉ። «ከሰዓት ነፋስ ከተነሳ ጣናን አላምነውም።» በማግስቱ በጠዋት ቀጠርናቸው። ሰባት ሰዓት ብዬ የነገርኳቸው በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጥፋት ይበዛል። ከገበያ ሁለት የላስቲክ ቦት ገዛን፣ በቢሮው ሒሳብ። እትዬ ደረሰኙን ሲመዘግቡ ፊታቸውን አላየሁም ብል ይሻላል።

ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መንገድ ላይ ሴትዮዋ ስትንቀጠቀጥ አየሁና ላጽናናት ፈለግሁ። «ዩ አር ኤ ኮልድ ውማን» አልኳት። በርዶሻል ማለቴ ነው። ለካ ልበ ደረቅ ሴት ነሽ ብያታለሁ። ባልየው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ባርኔጣው ውሃ ውስጥ ሊገባ ነበር። ጎረምሳ ሆኜ ቢሆን ጀልባዋ ላይ እንባዬ ይመጣ ነበር፤ ደግነቱ እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ አስተማሪዬ ሆነች። «ዘ ሬይን ኢዝ ሬይኒንግ» አይባልም፣ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ነው አለችኝ። «ኢት ማነው ታዲያ?» አልኳት። አሰበችና «ማንም» አለች። እኛ «ይዘንባል» ስንል ያቺ «ይ» ባለቤቱን በሆዷ ይዛ ትመጣለች፤ ማን እንደሆነ ጠይቆን የሚያውቅ የለም። እንግሊዝኛ ግን ባዶ ወንበር አይወድም። የሚቀመጥ ሰው ሲጠፋ ኢትን ያስቀምጥበታል። «ቢግ ሬይን» ስላትም «ሄቪ» በል አለችኝ። ይሄኛውን እንኳ ማወቅ ነበረብኝ፤ እኛም ከባድ ዝናብ ነው የምንለው።

ዘጌ ካለው ገዳም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ስንደርስ ከቡናው ዛፎች ሥር ጭቃው ቦት ጫማቸውን ይመጥ ነበር። ሥዕሎቹን ግን ማንም ሳይጋፋቸው ረጋ ብለው አዩ። በሦስተኛው ቀን ጢስ ዓባይ ወሰድኳቸው። በበጋ ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል። ያን ቀን ግን ቡናማ ሆኖ፣ ጢሱ ከሩቅ እየታየ፣ ገደሉን ሞልቶ ይወርድ ነበር። ባልየው እየጮኸ የሆነ ነገር አለኝ፤ ከውሃው ድምፅ የተነሳ አልሰማሁትም። ከሳቁ ግን ይቅር እንዳለኝ ገመትኩ።

አሁን ኢሜይሌ ላይ ዊንተርም ሰመርም የለም። «ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ይዘንባል፣ ለጀልባ ከኦክቶበር በኋላ ይመቻል፣ ለፏፏቴው ደግሞ ኦገስትና ሴፕቴምበር» ብዬ በወር እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዷ «በስፕሪንግ ብመጣስ?» ብላ ጻፈችልኝ። ስፕሪንግማ ፀደይ ነው፣ አደይ አበባ፣ መስከረም ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። እትዬ ከጀርባዬ ቆመው ስክሪኑን እያዩ ነበር።

«ተው» አሉኝ። «መጀመሪያ ወሩን ጠይቃት። ከየት እንደሆነችም።»