እንግሊዝኛ እንዲህ አጭር ነው?

ሀዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ማሳጅ እሠራለሁ። ማሳጅ ስል የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ሳቃቸውን ይጨርሱና እንቀጥላለን።

ባለፈው ዓመት ከተለያየ አገር የመጡ የሪፍሌክሶሎጂ፣ ማለትም እግር ላይ ያሉ ነጥቦችን በጣት የመጫን ሙያ፣ ባለሙያዎች ለሦስት ቀን እኛ ጋ ተሰበሰቡ። ከከተማው ሆቴሎች የመጣን አሥራ አምስት የምንሆን ሠራተኞችም እንድንማር ተፈቀደልን። ማናጀሩ ጠራኝና «እንግሊዝኛ ትሞካክራለህ፣ ሙያውም የራስህ ነው፣ አንተ ታስተረጉማለህ» አለኝ። ክፍያ አለው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

መጀመሪያው ቀን ጠዋት በየወንበሩ አጠገብ የላቬንደር ዘይት ደረደርኩ። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሴትዮ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ ወደ ዳር ገፋችው። ዘይት አውራ ጣቴን ያንሸራትተዋል አለችኝ። እነዚህኞቹ የሚሠሩት በደረቅ እጅ ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ፓውደር። አውራ ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ እንደ አባጨጓሬ በውስጥ እግር ላይ ያስኬዱታል። «ማሳጅ» ያልካቸው እንደሆነ ፊታቸው ይለወጣል። ሜኗችን ላይ «የእግር ማሳጅ» የሚለውን ያነበቡ ጊዜ ያየሁትን ፊት አልረሳውም።

ከዚያ ትምህርት ሆነ። ፊትዝጄራልድ የሚባል አሜሪካዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከላይ እስከ ታች በ10 መስመር ከፈለው፤ መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆቹ 1917 ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ዩኒስ ኢንግሃም የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ያንን ይዛ መላ ሰውነትን እግር ላይ በካርታ አሰፈረችው። ጣቶቹ ራስ ናቸው፣ የውስጥ ጠርዙ አከርካሪ ነው፣ ጉበት ቀኝ እግር ላይ ነው። ልብ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት ባለሙያዎች ተጨቃጨቁ። አንዱ ግራ እግር ላይ ብቻ ነው ሲል ሌላዋ ሁለቱም ላይ ነው አለች። የትኛውን ልተርጉም? «የሻይ ሰዓት ደርሷል» ብዬ ተረጎምኩት።

ከሰዓት አሞራ ገደል፣ የአሳ ገበያው፣ ወሰድናቸው። አሳውን ትተው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ቀጭን እግር ፎቶ ሲያነሱ ዋሉ።

ሸበቶዋ ሴትዮ ስላይዷ ላይ በትልቁ «በሽታ አንመረምርም፣ መድኃኒት አናዝም» ብላ ጽፋለች። ለዚህ ወደድኳት። እግር ዳስሶ በሽታ ማወቅ እንደሚቻል ያሳየ አስተማማኝ ጥናት የለም። ማዝናናቱን ግን እኔም በየቀኑ አየዋለሁ፤ ደንበኛው አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያንኮራፋል።

ሁለተኛው ቀን ለማሳያ የሚሆን እግር ተፈለገ። ማናጀሩ ጥፍሯን የተቀባች የሪሴፕሽን ልጅ አዘጋጅቶ ነበር። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው የምፈልገው አለችና ኮሪደሩን የሚወለውሉትን እትዬ ብርቄን ጠቆመች።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አሉኝ።

«እግር ያነባሉ።»

«ጠንቋይ ናቸው?»

«አይ፣ ባለሙያ ናቸው።»

«ጸሎተ ሐሙስ ሳይሆን ፈረንጅ እግሬን ሊያጥበኝ! በገብርኤል፣ ጉድ እኮ ነው» እያሉ ተቀመጡ።

ሴትዮዋ እግራቸውን አጥባ አደራረቀችና ጀመረች። ከትንሿ ጣት ሥር፣ ውጭውን ጠርዝ ጫን ስታደርገው እትዬ ብርቄ ከወንበሩ ዘለሉ። የሴትዮዋ ዓይን በራ።

«ትከሻቸውን ያማቸዋል?» አለችኝ። «አንመረምርም» የሚለው ስላይድ ከጀርባዋ እንደበራ ነው።

ተረጎምኩላቸው። እትዬ ብርቄ አልቸኮሉም። «ትከሻማ ያመኛል፤ ባልዲ ስሸከም ነው የምውለው። እዚህ ጋ ግን ጫማው ነው። ሁለት ቁጥር ያንሰኛል። ሲለመድ ይሰፋል ብለውን ይኸው ስምንት ወሩ። እንደዚሁ አድርገህ ንገራት።»

ጫማው የዩኒፎርም ነው። በጅምላ ሲገዛ ትልቁ ቁጥር 38 ሆነ፤ እሳቸው 40 ናቸው። ስብሰባ ላይ ያነሱት ጊዜ እኔም ነበርኩ። እኛ የስፓዎቹ ለስላሳ ስሊፐር ነው የምናደርገው። ዝም አልኩ።

አሁን ማናጀሩ ስልኩን ደግኖ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው። አማርኛውን ሰምቷል። ከስልኩ በላይ አየኝ። ምንም አላለም፣ አየኝ ብቻ።

«አዎ፣ ትከሻቸውን ያማቸዋል» ብዬ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ።

ውሸት ነው እንዳትሉኝ፣ ራሳቸው ያሉት ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ብርቄ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግሊዝኛ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?»

የከተማው ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ፈረንጆቹ የደስታ ሳቅ መስሏቸው እንደገና አጨበጨቡ። እኔ ፎጣ የማመጣ መስዬ ወጣሁ። ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጥሩ መልሶች መጡልኝ። አንዱንም ይዤ ለመመለስ ወኔው አልነበረኝም።

ስመለስ ሴትዮዋ ተንበርክካ ጫማቸውን ልታደርግላቸው እየታገለች ነው። ተረከዛቸው አልገባም አለ። ጫማውን ገልብጣ ሶሉ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። ከዚያ እኔን አየች። ምንም አልተናገረችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜኗችን ላይ «የእግር ማሳጅ» ተሰርዞ «ሪፍሌክሶሎጂ» ተብሏል፤ ዋጋው ጨምሯል። አውራ ጣቱ ያው የእኔ ነው። የእትዬ ብርቄ እግር በሴትዮዋ እጅ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ ትልቅ ተደርጎ የስፓው በር ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው የጫማቸውን ኋላ በምላጭ ቀደው እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተቱ ከፎቶው ሥር ይወለውላሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ እንግዳ ፎቶውን እያሳየ ረጅም ነገር አወራቸው። በትዕግሥት አዳመጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አሳጥረህ ንገረኝ» አሉ፤ «ታውቅበት የለ?»