ሽንኩርቱን ማን ይክተፍ?

ወዳጆች፣ ሆሳዕና ደርሷል። ከነገ ጀምሮ ሰላምታ የለምና ቀድመን እንበለው፦ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ። ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር፣ ምንጃር ላላችሁ፤ ከሰሜን ሸዋ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ዐረብ አገርም ለሰነበታችሁ፤ 55ቱን ቀን ለጾማችሁም፣ ላልሆነላችሁም።

ዘንድሮ ስለ ሽንኩርት እናውራ። የበዓል ጠብ ሲነሣ ሰበቡ የአማት ንግግር ወይም የብር ጉዳይ ይመስላል። ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ሹርን ቆማ ውላ፣ ሌሊቱንም ያልተኛች ሴት አለች።

ሒሳቡን እንሥራ። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይገባል። ልጦ አድቅቆ መክተፉ ለአንድ ሰው ከአንድ ሰዓት አያንስም። ያለ ቅባት፣ በለዘብታ እሳት፣ እንዳያር እያማሰሉ ማቁላላቱ ሌላ ሰዓት ነው። ደክሟት በርበሬውን ቀድማ ከጨመረች ሽንኩርቱ ሳይሟሟ ይቀራል፣ ወጡ ውኃ ይቋጥራል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። በማግስቱ «ዘንድሮ ወጡ ምን ነካው?» የሚለው ደግሞ ማማሰያ ነክቶ የማያውቀው ነው። 12ቱን ብልት ማውጣቱን፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡን ገና አልቆጠርነውም። ጠላውም አለ፤ ደጋ ያለችው በብርዱ ጥንስሱ ቶሎ ስለማይፈላ ቆላ ሸዋ ሮቢት ካለችው ቀድማ መጠንሰስ አለባት።

የወንዱ ሥራ ቅርጫው ነው። በሬ መርጦ፣ መደብ ደልድሎ፣ ዕጣ ጥሎ ረፋዱ ላይ ያበቃል። ጨጓራው ግን በሳፋ ሆኖ ቤት ይገባል፤ ማን እንደሚያጥበው የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የሚገርመው ቢላዋው ነው። ወንድ በሌለበት ቤት ሴትየዋ ዶሮውን በአንድ እጅ፣ ቢላዋውን በሌላው ይዛ በር ላይ ትቆማለች። አላፊ አግዳሚ ወንድ ስታይ «እባክህ ወንድሜ፣ ባርክልኝ» ትላለች። ካጣች የጎረቤት ጎረምሳ ይጠራል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ያርድና ይሄዳል። ላባ መንጨቱ፣ መለብለቡ፣ መገነጣጠሉ የሷ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ ሁለቱን እኩል አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን አወጣ። መሬት ደብተሩ ላይም የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል። ከዶሮው ብልት ፈረሰኛው ግን ዛሬም ወደ አባወራው ነው የሚሄደው!

እንግዲህ ወንድሞች፣ «ላግዝሽ» አትበሉ፤ «ላግዝሽ» ሥራው የሷ ነው ማለት ነው። አንዱን ሥራ ከነጣጣው ውሰዱ። ጨጓራ ከሆነ ውኃው እስኪጠራ። ሽንኩርት ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማው ታስሮ ሳያልቅ ተከትፎ ይቅረብ።

ኩርፊያ ያለባችሁ ደግሞ ዕርቁን ለፋሲካ ማዕድ አታቆዩት። አረቄ ከተቀዳ በኋላ የተነሣ ነገር አይቋጭም። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ፣ ቢቻል አንዲት ባልቴትም ጨምራችሁ፣ በዚሁ ሳምንት ጨርሱት። ሽማግሌው «አንቺ ቻይው» ብሎ ከተነሣ ዕርቅ አልወረደም፤ ጠቡ ለሌላ በዓል ተቀጥሯል። ዱላ ካለበት ግን የሽምግልና ጉዳይ አይደለም። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ወንጀል ነው፤ መንገዱም ወደ ፖሊስ ነው።

ዓይናችንን ያቃጥለናል ለምትሉ፦ የተላጠውን ለሁለት ከፍላችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ቢላዋውም ይሳል፤ የዶለዶመ ቢላዋ ሽንኩርቱን እየጨፈለቀ የባሰ ያስለቅሳል።