እንዳትነቃነቅ

የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ያላየ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ያ ትካዜ ያጠላበት የልጅ ፊት። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማን እንዳነሳው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ፎቶው ራሱን በራሱ ያነሳ ይመስል። በቀደም ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ስጎረጉር ነው ያገኘኋት። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላነበብኩም።

በ1815 ሕንድ ውስጥ፣ ካልካታ ተወለደች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለመቀየር ሰንፌ።) ባሏ በሃያ ዓመት የሚበልጣት የሕግ ሰው ነበር። በኋላ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት፣ ፍሬሽዋተር መንደር ቤት ገዝተው ገቡ። ባለቅኔው ቴኒሰን ጎረቤታቸው ነው። በ1863 መጨረሻ ልጇና የልጇ ባል፣ ብቻሽን ስትሆኚ ትጫወቺበታለሽ ብለው ካሜራ ሰጧት። ያኔ 48 ዓመቷ ነው። እኛ ሰፈር አንዲት ሴት በ48 ዓመቷ አዲስ ሙያ ብትጀምር ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

እሷ ግን የከሰል ማስቀመጫውን ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አደረገችው። መስታወት የተገጠመለትን የዶሮ ቤት ደግሞ ስቱዲዮ። ዶሮዎቹ ተለቀቁ። እንዳልተበሉ ተስፋ አደርጋለሁ ብላ ራሷ ጽፋለች። የሚያስቀው፣ ፎቶ የምታትምበት ወረቀት የሚቀባው በእንቁላል ነጭ ነበር። ዶሮዎቹን አባርራ እንቁላሉን አልማረችም።

ሥራው እንደዛሬው ጠቅ ማድረግ አይደለም። ትልቅ መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ታፈሳለህ። ብር ያለበት ኬሚካል ውስጥ ትነክረዋለህ። ሳይደርቅ ሮጠህ ካሜራው ውስጥ ትከተዋለህ። ካነሳህ በኋላም ሳይደርቅ ሮጠህ ጨለማ ክፍል ትመለሳለህ። ኬሚካሉ እጅ ያጠቁራል፣ ልብስ ያበላሻል። የመጀመሪያ ፎቶዋን ያጠፋችው ራሷ ናት፤ እርጥቡን መስታወት በእጇ አሸችው። በጥር 1864 አኒ ፊልፖት የምትባል ትንሽ ልጅ አነሳችና ተሳካላት። በደስታ ብዛት ለልጅቷ የምትሰጣት ስጦታ ፍለጋ ቤቱን ሙሉ ሮጠች። ፎቶውን የሠራችው ልጅቷ እንጂ እኔ የሆንኩ አልመሰለኝም ትላለች። እዚህ ጋ ነው የወደድኳት።

ፎቶዎቿ ብዥ ይላሉ። የዘመኑ ባለሙያዎች ፎከስ አታውቅም ብለው ሳቁባት። እሷ ሌንሱን ስታስተካክል ፊቱ ለዓይኗ ያማረበት ቦታ ላይ ታቆማለች፣ ጥርት እስኪል አትገፋበትም። ትክክለኛው ፎከስ ይሄ ነው የማለት መብት ያለው ማነው ብላ ለወዳጇ ለሳይንቲስቱ ጆን ኸርሼል ጽፋለታለች። በ1867 ያነሳችውን የኸርሼልን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከጨለማ ውስጥ የወጣ ፊት፣ የተበጠረ የማይመስል ነጭ ጸጉር፣ እርጥብ ዓይኖች። ጥርት ብሎ ቢሆን ኖሮ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር የማየው።

ወደ ዓለማየሁ ልመለስ። ጊዜው ሐምሌ 1868 ነው። አባቱ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ ገና ሦስት ወሩ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከመቅደላ ሲወርዱ መንገድ ላይ አርፈዋል። ልጁ ሰባት ዓመቱ። አማርኛ የሚችለው የእንግሊዝ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ለንግሥት ቪክቶሪያ ሊያሳየው መጣ። የንግሥቲቱ የኦስቦርን ቤት እዚያው ዋይት ደሴት ላይ ነው። ካሜሮን ደግሞ ከዚያው ደሴት ሆና የሚያምር ፊት ፈላጊ።

ስፒዲንም የእኛን ልብስ አስለብሳ አንስታዋለች። አንዱ ፎቶ ላይ ጦር ይዞ አንድ ሐበሻ ሊወጋ የቃጣ መስሎ ይታያል። ይቺን አልወደድኳትም። ከሦስት ወር በፊት የእውነት ሰው የሞተበትን ነገር ሳሎን ውስጥ ቲያትር ማድረግ ምን ይባላል? ከዚሁ እጅ ነው የዓለማየሁም ፎቶ የወጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸውና ስልኬን ዘጋሁት።

በእሷ አሠራር ተነሺው ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ይቺ ቁጥር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እኔ ሰባት ዓመቴ ላይ ለትምህርት ቤት ፎቶ ስነሳ፣ አንሺው አገጬን በጣቱ ቀና አድርጎ «እንዳትነቃነቅ» አለኝ። ብልጭ አለ፣ አለቀ። እሷንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።

ካሜሮን በ1875 ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሄደች፤ በጥር 1879 እዚያው ሞተች። ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ18 ዓመቱ ሊድስ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አረፈ። የተቀበረው እዚያው እንግሊዝ፣ ዊንዘር ነው። አጽሙ ለአገሩ ይብቃ ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ።

ዛሬ ጠዋት የእህቴን ልጅ መስኮቱ ጋ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እሱም ሰባት ዓመቱ ነው። ስልኬን አምስት ደቂቃ ላይ ሞላሁና፣ ካልተነቃነቅክ ብስኩት አለህ አልኩት። መጀመሪያ አፍንጫውን አከከ። ቀጥሎ እግሩ መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ ውጭ «ቆራሌው!» ሲባል አንገቱ ዞረ።

«አለቀ?» አለኝ።

አርባ ሰከንድ አልሞላም።