ተበላሽቷል ብዬ የደፋሁት ወይን

ሲድኒ ውስጥ በአንድ የባሕር ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ዕድሜያቸው ስልሳን የዘለለ ባልና ሚስት ዶሮ አሮስቶ አዘዙና ሰሚዮን የሚባል አንድ የቆየ የሃንተር ሸለቆ ነጭ ወይን መረጡ።

ሰሚዮንን የማውቀው መስሎኝ ነበር። በየቀኑ የምቀዳው እሱን ነው፤ ውኃ የሚመስል፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ የሚል፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸት። ኦይስተር፣ ያን በዛጎሉ የሚቀርበውን የባሕር ምግብ፣ ያዘዘ ሁሉ የሚጠጣው እሱን ነው። ይሄኛውን ግን ከፍቼ ጠብ ሳደርገው ወርቅ መስሎ ወረደ። ደነገጥኩ። ነጭ ወይን ቢጫ ከሆነ አየር ገብቶታል ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዶቹም እኔም ሳንቀምሰው፣ “ይቅርታ፣ ይሄ ተበላሽቷል” ብዬ አነሳሁት፤ ጓዳ ገብቼም ሲንክ ውስጥ መድፋት ጀመርኩ። ግማሹ እንደወረደ የወይን ኃላፊያችን እጄን ያዘችኝ።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ተበላሽቷል።”

“ቀምሰኸዋል?”

ዝም አልኩ።

ከተረፈው ሁለት ጣት ያህል ቀዳችልኝ። መጀመሪያ አፍንጫዬ የገባው ቅቤ የተቀባ፣ የተጠበሰ ዳቦ ነው። ቀጥሎ ማር፤ ጠጅ ቤት በር ላይ ሰውን የሚቀበለው ዓይነት። ስጎነጨው ግን አይጣፍጥም፤ ደረቅ ነው፣ ያ የማውቀው ሎሚም ከሥር አለ። “አየር የገባበት ወይን ተቆርጦ የጠቆረ ፖም ይሸታል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል” አለችኝ። “ይሄ እኮ ያበራል።” ጠርሙሱን አዙራ ዓመቱን አሳየችኝ። 13 ዓመት የቆየ ነው።

የሚገርመው ያ የዳቦ ሽታ ከእንጨት በርሜል የመጣ አለመሆኑ ነው። የሃንተር ሰሚዮን በተለምዶ በርሜል ሳይገባ ነው የሚታሸገው። ፍሬው ስኳሩ ሳይበዛ ቀደም ብሎ ስለሚለቀም አልኮሉ ዝቅተኛ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 11.5 በመቶ፤ ኮምጣጣነቱ ግን ብርቱ ነው። ዓመታትን የሚያሻግረው ያ ኮምጣጣነት ነው። ማሩም የዳቦውም ሽታ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው።

ኃላፊያችን በዚህ አላበቃችም። አንድ ኦይስተርና ከዶሮው ቆዳ ቁራጭ አምጥታ በየቀኑ የምቀዳውን ወጣቱንም፣ ይሄን አሮጌውንም ሰሚዮን አቀረበችልኝ። ወጣቱ ከኦይስተሩ ጋር ልክ ሎሚ እንደመጭመቅ ሆነ፤ የባሕሩን ጨው አጥቦ ወሰደው። ከዶሮው ጋር ግን ቀጠነ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ሆነ። አሮጌው ተቃራኒው ነው። ከኦይስተሩ ጋር ጣዕሙ ሁሉ ጠፋ፤ ከዶሮው ቆዳና ቅቤ ጋር ግን የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት አቃተኝ። እኔ ያን ቀን ለዶሮ የተመረጠውን ደፍቼ በቦታው ለኦይስተር የሚሆነውን ልወስድላቸው ነበር።

የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ አብረን ይዘን ወጣን። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሂሳቡም ተነሳላቸው። ሰውየው አልተቆጡም። በወጣትነታቸው ይሄው ወይን “ሃንተር ሪቨር ሪዝሊንግ” እየተባለ ይሸጥ እንደነበር አጫወቱኝ፤ ሪዝሊንግ ሌላ ወይን ሆኖ ሳለ። ሚስታቸው ግን የተደፋው ከልብ አሳዘናቸው። ያን ዓመት የመረጡት በምክንያት መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የተጋቡበት ዓመት ነው። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ይዤ ስቀርብ ዓመቱን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ጥቂት ቀድቼም እስኪቀምሱ አፌን እይዛለሁ። ደግሞም ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ፣ እረፍቴን ጠብቄ ሃንተር ሄድኩ። ከሲድኒ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ለቀማው ተጀምሯል። አንድ ፍሬ ቆርጬ ስቀምስ ፊቴ ተጨማደደ።

ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱን በዚያው ሳምንት ከተጠበሰ ዓሣ ጋር፣ ሚጥሚጣ ጣል አድርገንበት ጨረስነው። ሁለተኛው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ጨለማው ላይ ተጋድሟል፤ ፕላስተር ለጥፌ “2037” ብዬ ጽፌበታለሁ።