ሐረርን በልብስ ሰፊ ዓይን

ሐረርን ያየሁት በቬሎ ሰበብ ነው። ድሬዳዋ የምታገባ ደንበኛ ነበረችኝ። ልብሷ በሰው እጅ ተጨማዶ እንዳይደርስ ራሴ ይዤ ሄድኩ። አለበስኳት፣ የጀርባዋን ዚፕ ዘጋሁ፣ ሰርጉም በሰላም አለቀ። አውሮፕላኔ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ስለተረፈኝ ሆቴሌ ገብቼ ልተኛ ነበር ያሰብኩት። የሙሽራዋ አክስት ይህን ሰማች። «ሐረርን ሳታዪ ልትመለሺ? አቦ ተይ እንጂ!» አለችኝ። በነጋታው ማለዳ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስኮት ስር ተቀመጡ። የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዙ ሲወጡ የድሬ ሙቀት ከኋላ ይቀርና ንፋስ መግባት ይጀምራል። አወዳይ ላይ ደግሞ ከጫት በቀር ለዓይን የሚሞላ ነገር የለም፤ የሚሸጠውም፣ የሚጫነውም፣ የሚቃመውም እሱ ነው። ሐረር ስንደርስ ሹራቤን ደርቤያለሁ።

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ከጁገል አትውጡ። ጁገል በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው። የሰውየው ታሪክ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል። አህመድ ግራኝ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተዋግቶ ሲሞት ባለቤቱ ባቲ ድል ወንበራ «የባሌን ደም ለሚመልስ እንጂ ለሌላ አልዳርም» አለች ይባላል። ያገባት ኑር ነው። በ1551 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። እኛ ትምህርት ቤት ይህን የተማርነው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ግንቡ ስር ቆሞ ከሌላው ወገን መስማት ሌላ ነገር ነው።

ግንቡ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። መኪና የሚያስገባው ትልቁ በር ከእነሱ አይቆጠርም፣ በኋላ የተከፈተ ነው። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መዘየሪያዎች እንዳሉት ጠቅሷል። ይህን ሁሉ አያለሁ ብላችሁ አትነሱ።

የጁገል መሃል አደባባይ ከሆነው ፈረስ መጋላ ላይ አስጎብኚ ያዝኩ። ከመነሳታችሁ በፊት ሂሳቡን ተነጋገሩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስጎበኛችሁም ጭምር። የእኔው ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ፕሮግራሙን በቃሉ ዘረዘረልኝ። መጀመሪያ የራምቦ ቤት፣ ቀጥሎ የራስ ተፈሪ ቤት፣ ከዚያ ሙዚየም፣ ማታ ጅብ። «መኪና ግርግርስ?» አልኩት። «እሱ እኮ ሱቅ ነው» አለና ሳቀ። ወስደኝ አልኩት።

መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ገበያው የሚወርድ ቀጭን መንገድ ነው። ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ የጨርቅ ሱቆች ናቸው። ከሱቆቹ ፊት፣ ደጃፉ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ መኪናዎቹም በእግር የሚረገጡ አሮጌዎች። አንዷ ሴት ሱቅ ገብታ ጨርቅ ትመርጣለች፣ ትከራከራለች፣ ታስቆርጣለች፣ ዞር ብላ ደጃፍ ላይ ላለው ሰፊ ትሰጠዋለች። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። «ነገ ነይ» ብሎ ነገር የለም። እኔ ስንት ደንበኛ በ«ነገ» እንዳመላለስኩ አስቤ አፈርኩ ማለት ይቻላል።

ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቆምኩ። የነጠላዬ ጠርዝ በሻንጣ ዚፕ ተይዞ ተተርትሮ ነበርና እሱን ሰበብ አደረግኩ። ተቀበሉኝ፣ ጠርዙን በሁለት ጣት ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል?»

«በምን አወቁ አባባ?»

«ጨርቁን ስትሰጪኝ ገልብጠሽ ነው የሰጠሽኝ።»

እውነታቸውን ነው። የምንሰፋ ሰዎች ልብስ ስንሰጥ የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አዙረን ነው። ሌላ ሰው እንዲህ አያደርግም። በዚያ ላይ ሐረሮች ከትልቅ ከትንሹ ጋር «አንቺ» እና «አንተ» እየተባባሉ ነው የሚያወሩት። እኔ «እርስዎ» ስላቸው እሳቸው ፈገግ ይሉ ነበር። በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ። አስጎብኚዬ ሰዓቱን አየ፣ ተስፋ ቆረጠና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

እንዴት እንደሚሰፉ አየሁ። አዲስ አበባ የእኔ መኪና በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲጠፋ እጄን አጣምሬ እቀመጣለሁ። እሳቸው እግራቸውን ሲጭኑ መኪናው ይፈጥናል፣ ሲለቁት ይዘገያል። ጠርዙ የሳሳበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እግራቸውን አንስተው መዘውሩን በእጃቸው አዞሩት። አንድ ስፌት። ሌላ አንድ ስፌት። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ በግራ አውራ ጣታቸው ከኋላ ሳብ ያደርጉታል። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ነጠላዬን መለሱልኝ። ስፌቱን ፈልጌ አጣሁት። ብር ላወጣ ስል «ለሙያ አጋር አይከፈልም» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ አልተሳካልኝም።

መኪናቸው ላይ የነበረው ሥራ የሐረሪ ሴቶች ከቀሚስ ስር የሚለብሱት ሱሪ ነው። ከላይ ሰፋ ይልና ከጉልበት በታች ጥብቅ ብሎ ይወርዳል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጥልፍ ያሸበርቃል። መንገድ ላይ የሚታየው ይህች ጥልፍ ብቻ ናት። ያቺን አራት ጣት የማትሞላ ቦታ ለማሳመር የሚደረገው ጥንቃቄ እኔን አስቀናኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ሳይ ዋልኩ።

አስጎብኚዬ ሲመለስ ፕሮግራሙን ቀጠልን። የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ያምራል። ባለ ቀለም መስታወቶቹ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ይረጫሉ። ከላይ የጁገል ጣሪያዎች ይታያሉ፣ ውስጡ የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉ። ሆኖም ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚያ ቤት አልኖረም። ሐረር እ.ኤ.አ. በ1880 መጥቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ፣ ሲሄድ ሲመለስ ቆይቶ በ1891 አገሩ ገብቶ ሞቷል። ቤቱን ከዚያ በኋላ የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። የራስ ተፈሪ ቤትም እንዲሁ የህንድ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ተፈሪ መኮንን የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበት ይነገራል። ሁለቱም ቤቶች በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ፣ የሠሪዎቹን ስም የሚያነሳ የለም። ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ ነገር አይዋጥልኝም።

ራስ ተፈሪ ቤት መግባት ያለባችሁ ግን ለውስጡ ነው። አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ ሐረሪ በግል የሰበሰቡት ሙዚየም እዚያ ነው። የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ያስመታቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ፣ አልባሳት። የተበጣጠሱ መጻሕፍትን በቆዳ መልሰው የሚደጉሱትም እዚሁ ነው። ከድጉሱ ጠርዝ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ስፌት ነው እኮ እሱም!

ከዚያ ወደ ገበያው፣ ወደ ጊድር መጋላ ወረድን። ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶች ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላሉ። ሥጋ የገዛ ሰው ዘንቢሉን ሳይሸፍን ከወጣ ለራሱ ፍርዱን ይቀበላል። ሐላዋ ገዛሁ፣ በጣም ጣፋጭ ነው፣ አበቃ።

ያደርኩት ጁገል ውስጥ፣ ለእንግዳ በሚከራይ የሐረሪ ቤት ነው። ሆቴል ከማደር ይህን ምረጡ። ከውጭ ብታዩት ነጭ የተቀባ ግድግዳና አንድ በር ነው። ስትገቡ ግን ሌላ ዓለም። ሳሎኑ ወለል ላይ ከፍ ዝቅ እያሉ የተሠሩ ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ደንብ አለው፤ የቤቱ አባወራ፣ እንግዳ፣ ሽማግሌ፣ ልጅ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ይታወቃል። ወለሉና የመደቦቹ ፊት በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ከአሚር አብዱላሂ ጋር በጨለንቆ ሲዋጋ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። የቤቱ እመቤት ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። ቡና እየቀዱ ነው የነገሩኝ። እኔም ሸዋ ነኝ ብዬ ያልጠየቁኝን አልመለስኩም።

ግድግዳው ላይ ያሉትን ስፌቶች ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም። እንቅብ፣ ሌማት፣ ክዳን፣ ሁሉም በአክርማና በባለ ቀለም ክር የተሰፋ። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅሎ ከተሰቀለ ቤቱ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ሙሽራ ነገር ስለሆነ ጆሮዬ ቆመ። እመቤቲቱ ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል አሳዩኝ። አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፉባት ናት፤ ምግብ የሚቀበሉትም በትንሽ መስኮት ነው። በሩን በዓይኔ ለካሁት። እኔ የምሰፋው ቬሎ በዚያ በር አያልፍም! እሳቸውም ሳቁ።

ማታ ጅብ አየሁ። ከግንቡ ውጭ፣ አንድ ሰው ሥጋ በእንጨት ላይ እያንጠለጠለ በስማቸው ይጠራቸዋል። ይመጣሉ። ለእኔም እንጨቱን ሰጡኝና አንዱ ጅብ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ ነጠቀ። ፀጉሩ እንደ ሸካራ ቡርሽ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ። ቱሪስቶች ፍላሽ ሲያበሩ ደስ አላለኝም። እኔን የገረመኝ ትርኢቱ ሳይሆን ግንቡ ስር የተተውት ቀዳዳዎች ናቸው። ጅቦች ሌሊት በእነሱ ገብተው ከተማዋን ያጸዳሉ፣ ማንም አያባርራቸውም።

ጠዋት ፈረስ መጋላ ያለው መድኃኔ ዓለም ተሳለምኩ። ከሐረር መያዝ በኋላ መስጊድ በነበረበት ቦታ የተሠራ ነው። ይህንንም ማወቅ ይገባል።

የሼህ አባድርን መዘየሪያና የአሚር ኑርን መቃብር ሳላይ ቀረሁ። በጊዜ የምትሄዱ ሰዎች እኔ ያላየሁትን እዩ። ፎቶ ስታነሱ፣ በተለይ ሴቶችን፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ቡና ግዙ። ጊዜ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ለሸዋል ኢድ ሂዱ። ረመዳን አልፎ የስድስቱ ቀን የሸዋል ጾም ሲያበቃ የሚከበር ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ዘፈኑም፣ ልብሱም፣ የልጃገረዶቹ አለባበስም አንድ ላይ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። መኪና ግርግር ላይ ልብስ አሰፋለሁ ካላችሁ ግን ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ሽማግሌው እንደነገሩኝ በዚያ ሰሞን «ነገ ነይ» ማለት ይጀመራል።